ከወገብ በላይ፣ ከወገብ በታች

ሎስ አንጀለስ፣ መስከረም 22 ቀን 2006 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እትዬ ሣህሊቱ፣

አዲሱ ዓመት እንዴት ተቀበለሽ? ጉልበትሽስ? የጦሳ ብርድ ሳይበረታ ፈጣሪ ሙቀቱን ይስጥሽ እያልኩ ሰላምታዬ ከፌርፋክስ ጎዳና ደሴ ድረስ ይድረስሽ። እኔ አለሁ።

ደብዳቤውን የምታመጣልሽ ለወንድሟ ሠርግ የምትመጣ ደንበኛችን ናት። ስልክ እንደማትወጂ አውቃለሁ። አንቺ እንደምትዪው በስልክ ሲያወሩ ዘመድ ሁሉ ዙሪያውን ይኮለኮልና የሚቀረው «ደህና ናችሁ?» ብቻ ነው።

የአጎትሽ ልጅ ጋሼ ዘለቀ ደህና ነው። ሆዱ ገፍቷል፤ ምግብ ቤቱም ሞልቶ ያመሻል። ዓርብ፣ ቅዳሜና እሑድ ማታ እጨፍራለሁ። የመጣሁበት ቪዛ ባህሉን ለማሳየት ለሚመጣ ጨፋሪ የሚሰጠው ነው፤ የተጻፈው ደግሞ በጋሼ ዘለቀ ምግብ ቤት ስም ነው። ከእሱ ቤት ከወጣሁ ከአገሩም ወጣሁ ማለት ነው። ሥራው አይከብድም። ወሎን ጨፍሬ ወደ ጓዳ እሮጣለሁ፤ ቀሚስ ቀይሬ ጎጃም ሆኜ እወጣለሁ፤ ከዚያ ጉራጌ፣ ከዚያ ትግራይ። በግማሽ ሰዓት አገር ምድሩን አዳርሼ እመለሳለሁ። አንድ ቀን ጉራጌን ከጎጃም አስቀድሜ ብወጣ ጋሼ ዘለቀ «ምን ነካሽ፣ ሰው ይደናገራል» ብሎ ተቆጣኝ። ማን እንደሚደናገር አላውቅም። ግማሹ ተመልካች ፈረንጅ ነው፤ ያገሬ ሰውም ዓይኑ ክትፎው ላይ ነው።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ፤ አትቆጪ። መዳም ኢንሳፍ የሚሏት የካይሮ ሴት አለች፤ ስልሳ ዓመት ይሆናታል። ከእኛ ትንሽ አለፍ ብሎ ካለ የምንጣፍ መደብር ፎቅ ላይ የግብፅን ጭፈራ ታስተምራለች። እዚህ «ቤሊ ዳንስ» ይሉታል፤ የሆድ ዳንስ ማለት ነው። አንድ ቅዳሜ ልትበላ መጥታ ሳለ ትከሻዬን አይታ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ስጨርስ ጠርታ «ይህን ትከሻ ማን ሰጠሽ?» አለችኝ። ስምሽን ነገርኳት። «እንግዲያው ነይ፣ እኔ ደግሞ ወገብ ልስጥሽ» አለች። ይኸው በየማክሰኞው እሄዳለሁ፤ ጋሼ ዘለቀ እንግሊዝኛ የምማር ይመስለዋል።

ታስታውሻለሽ፣ ልጅ ሳለሁ ወገቤ እንዳይወዛወዝ በመቀነትሽ ከወንበር መደገፊያ ጋር አስረሽ ትከሻዬን ብቻ ታስመቺኝ ነበር? መዳም ኢንሳፍ ያሰረችው ደግሞ ትከሻዬን ነው። ገና በሁለተኛው ቀን ሻርፕ አውጥታ ክንዶቼን ከጎኔ ጋር ጠመጠመችና «ሽ! እነዚህ ዝም ይበሉ! እዚህ የሚናገረው ዳሌ ብቻ ነው» አለች። ሳቄ አመለጠኝ። እሷም እንዳንቺው ጨፋሪ ሲስቅ አትወድም።

ደስ ብሎኛል እትዬ። እውነቱን ልንገርሽ፣ እዚህ ከመጣሁ ደስ ያለኝ በማክሰኞ ብቻ ነው። ኢንግልዉድ አብራኝ ለምትኖረው ለአቢጋኤል ነገርኳት። ጴንጤ ናት፤ አረጋውያንን በየቤታቸው ትንከባከባለች። «ለእኔ ትከሻውም ዳሌውም ያው ኃጢአት ነው» አለችኝ። ቢያንስ አድልዎ የላትም።

የጉልበት ቅባት በዚህችው ሴት እጅ ልኬልሻለሁ። ስለ ዳሌው ለማንም እንዳታወሪ።

ልጅሽ ሮሐ


ደሴ፣ ኅዳር 10 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለልጄ ለሮሐ፣

መድኃኔዓለም በሄድሽበት ይከተልሽ፤ ክፉ ዓይን አይይሽ፤ ያየሽም እንደሆነ ይፍሰስ። እኔ ደህና ነኝ። ቅባቱ ጉልበቴን ለቀቅ አድርጎልኛል፤ ሽታው ግን ድመቷን ሳይቀር ከቤት አስወጥቷል።

የሆድ ዳንስ አልሽኝ። ብቻዬን ሳቅሁ። በሆድ የሚደነስ ከሆነማ እዚህ አገር ሆድ አደሩ ሁሉ ዳንሰኛ ነው፤ ካይሮ ድረስ ምን አስኬደው? እኛ እኮ ሆድን አናሳይም፤ ሆድ ይፍጀው ብለን እናልፋለን። እናንተ ደግሞ ሳንቲም አንጠልጥላችሁበት አደባባይ አወጣችሁት አሉ። መቼም የማይሰማ የለም።

መቀነቱን አንስተሻልና ምክንያቱን ልንገርሽ፤ ያኔ ልጅ ነበርሽና አልነገርኩሽም። ወገብ ከተፈታ ጉልበቱ ወደ ታች ይፈስሳል፤ ትከሻው ይሰንፋል። እኔንም ያሠለጠነችኝ ሴት እንዲሁ አስራኛለች። በክፍለ ሀገሩ ኪነት አሥራ ሁለት ዓመት ስጨፍር አንድ ቀን ወገቤ አምልጦኝ አያውቅም። በሰማንያ ሦስት መንግሥት ሲለወጥ፣ ኪነቱም ሲበተን፣ የተረፈኝ ይኸው ትከሻ ነው። ከኔ ወዲያ የያዘው ያለ አንቺ የለም። የእናትሽና የእኔ አያት አንድ ናቸው፤ ዝምድናችን ራቅ ያለ ነው የሚሉ አሉ። ልጄ ያደረገሽ ግን ትከሻሽ ነው።

ያችን ግብፃዊት አልጠላኋትም። ሻርፕ አውጥታ ካሰረችሽ ሥራዋን ታውቃለች። የፈራሁት ዘለቀን ነው። ዘለቀ ልጅ ሳለ ኳሱ የእሱ ከሆነና ከተሸነፈ ኳሱን ይዞ ወደ ቤቱ የሚገባ ልጅ ነበር። ሜዳው ሁሉ ቆሞ ይቀራል። አሁን ኳሱ በእሱ እጅ ነው፤ አንቺም ሜዳው ላይ ነሽ። እንግሊዝኛ እማራለሁ እያልሽ አትዋሺው፤ ደርሶበት ከሚናደድ ነግረሽው ቢናደድ ይሻላል።

ከእኔ የሚላክ ነገር የለም። አንድ ፎቶ ግን ላኪልኝ፤ ከትከሻሽ በላይ ያለውን ብቻ። የቀረውን ሆድ ይፍጀው።

ሣህሊቱ


ሎስ አንጀለስ፣ ጥር 19 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለእትዬ ሣህሌ፣

ጥምቀትን በሰላም ዋልሽ? ታቦቱ ሲገባ ለእኔም አንድ እልልታ እንዳልነፈግሽኝ እርግጠኛ ነኝ። ፎቶው ከዚህ ጋር አለ።

የላክሽው ምክር ሳይደርሰኝ ጋሼ ዘለቀ ራሱ ደረሰበት። መዳም ኢንሳፍ ለተማሪዎቿ ግብዣ የእኛን ቤት በዝግ ቀናችን፣ በሰኞ ተከራየችው፤ እኔም ከተማሪዎቹ መሃል ተቀምጬ አየኝ። የቤቱ ኪራይ አፉን ስለያዘው ነው መሰለኝ ብዙ አልተናገረም። «ፎር ፋን ከሆነ ኦኬ ነው። እኔ ስቴጅ ላይ ግን እንዳላይ» አለኝ።

ቤሊ ዳንሰኞች ሁለት ወገን ናቸው። አንደኛው ወገን የጥንቱ ካልሆነ የሚል ነው፤ የካይሮ ዘፈን፣ ዶቃ የፈሰሰበት ልብስ፣ እያንዳንዱ እርምጃ በሕጉ። ሌላው ወገን «ፊውዥን» ይባላል። ጥቁር ይለብሳሉ፣ ክንዳቸው በሙሉ ንቅሳት ነው፤ የሕንድም የስፔንም የቡና ቤትም ጭፈራ ይደባልቃሉ። ሙዚቃቸው እንደ ወፍጮ ቤት ይጮሃል። በዚያ ምሽት በሁለት ግድግዳ ጥግና ጥግ፣ እንደተጣሉ የሙሽራና የሙሽሪት ዘመዶች ተቀመጡ። የገረመኝ ደግሞ የግብፅን ወግ ከግብፃዊቷ ይበልጥ የሚጠብቁት እዚሁ ተወልደው ያደጉት ፈረንጆች መሆናቸው ነው። መዳም ኢንሳፍ አንዳንዴ እግሯ ሲደክማት የሆነውን ታደርጋለች፤ እነሱ ያንኑ ድካሟን ሳይቀር ያጠኑታል።

ከዚያ የሆነውን ስሚ። ጋሽ ብርሃነመስቀል የሚባሉ ጡረታ የወጡ ታክሲ ነጂ አሉ፤ ዝግ ይሁን ክፍት ከጋሼ ዘለቀ ቤት አይጠፉም። ጥግ ይዘው ሽሯቸውን ይበሉ ነበር። መዳም ኢንሳፍ ስትጨፍር መብላታቸውን አቋርጠው ቀሩ። እንባቸው መጣ። ተነሡና አምስት ዶላር በምራቃቸው አርሰው ግንባሯ ላይ ለጠፉላት።

ከዚያ ከጥንቱ ወገን አንዷ ጮኸች። በእነሱ ዘንድ የዳንሰኛ ገላ ላይ ገንዘብ ማድረግ ውርደት ነው፤ ለዓመታት የተጣሉበት ጉዳይ ነው። ጋሽ ብርሃነመስቀል «ኧረ ሸለምኳት እንጂ ምን አደረግሁ! ሠርጌ ላይ ለእናቴም ለጥፌያለሁ!» ይላሉ፤ ማን ይስማቸው። መዳም ኢንሳፍ ብሩን ቀስ ብላ አነሣችና ለከበሮ መቺው ሰጥታ ጭፈራዋን ጨረሰች። በኋላ ጓዳ ገብታ «የእናንተ ሰው ምን አድርጎ ነው ያየኝ?» አለችኝ። ክብር ነው፣ በእኛ አገር ለተወደደ ሰው ነው ብል አልገባትም። በዚያ ላይ የፊውዥኖቹ አለቃ ዴና እየሮጠች መጣችና «ይህን ግንባር ላይ መለጠፍ ትርዒታችን ውስጥ እናስገባው!» አለች። አንዷ ሰደበችው፣ አንዷ ልትሸጠው ፈለገች። ሽማግሌው ሽሯቸውን ሳይጨርሱ ወጡ። በጣም አሳዘኑኝ።

ግብዣው ሲያልቅ ዴና ከበሮ አስመትታ ጎትታ አስነሣችኝ። እትዬ፣ ማንም አላሰረኝም ነበር። ትከሻዬ ጀመረ፤ ሲያርፍ ዳሌዬ ተቀበለው። ዳሌዬ ሲያርፍ ትከሻዬ አወረደ። እንደ አውራጅና ተቀባይ ተግባቡልኝ። ማንም ያላስተማረኝ የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው። ጨርሼ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ፤ ደስታ ነው። ከዚህ በኋላ ያለዚህ መጨፈር የምችል አይመስለኝም።

ሮሐሽ


ደሴ፣ መጋቢት 14 ቀን 2006 ዓ.ም.

ልጄ ሮሐ፣

ያሳደገሽ አምላክ ያቆይሽ። ፎቶው ደርሶኛል። ከስተሻል። «ዳይት ነው» ብትዪኝ አልሰማሽም፤ ብዪ።

ለሽማግሌው አዘንኩ፤ ለግብፃዊቷም አዘንኩ። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ልክ የሆኑ ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ደግሞ አስታራቂ አይገኝም።

አውራጅና ተቀባይ ብለሽ ጻፍሽልኝ። ቆንጆ አባባል ነው፤ ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ተቀባዩ የሌላ አገር ሰው ከሆነ ዘፈኑን የት ያደርሰዋል? አልተቆጣሁም። ልቤ ግን ደንገጥ ብሏል።

ዘለቀ ደውሎ ነበር። በስልክ ስለማላወራ ለጎረቤቴ ነገራት፤ እሷም አጥሩ ላይ ቆማ ለሰፈሩ ሁሉ አሰማችልኝ። የአንቺ ፈቃድ ሊታደስ ስለሆነ ጭፈራሽ እውነተኛ ባህል መሆኑን የሚመሰክር ባለሙያ ያስፈልጋል ብሏል። ባለሙያ ያለው እኔን ነው። ሰፈሩ ይህን ከሰማ ወዲህ ባለ ሱቁ እንኳ «ባለሙያ፣ እንደምን አደሩ» ይለኛል። ፊርማ ላይ እንዳልሳሳት የንባብ መነጽር ላኪልኝ።

ሣህሊቱ


ሎስ አንጀለስ፣ ሰኔ 8 ቀን 2006 ዓ.ም.

እትዬ ሣህሌ፣

ክረምቱ የጤና ይሁንልሽ፤ ጣራሽ አያፍስስ፣ ጉልበትሽ አይቆርጥምሽ። መነጽሩ እዚሁ ውስጥ አለ። እባክሽ መጀመሪያ ይህን ደብዳቤ አንብቢበት። እንዳይጠፋ ብዬ በሪኮማንዴ አስመዝግቤ ልኬዋለሁ።

ባለፈው ወር ሎንግ ቢች ላይ የቤሊ ዳንሰኞች በዓል ነበር። ከዴና ጓደኞች ጋር ወጣሁ። መሃል ላይ ብቻዬን የምጨፍረው ነበረኝ፤ አወራረዱን ራሴ ነው ያወጣሁት። ሰው ቆሞ አጨበጨበ። ይህን የምነግርሽ ለመኩራት አይደለም፤ አንድ ሰው ቀርጾ ኢንተርኔት ላይ አወጣው፤ በነጋታው ፌርፋክስ ሁሉ አየው። ከሥሩ የጻፉትን አልደግምልሽም። የሐበሻው «ባህላችንን አረከሰች» ይላል። የጥንቶቹ ቤሊ ዳንሰኞች ደግሞ «ይህ የግብፅ ጭፈራ አይደለም» ብለው ይሳደባሉ። እኔ የግብፅ ነው ብዬ መቼ ጽፌ አውቃለሁ?

ማክሰኞ ወደ ምንጣፍ ቤቱ ብሄድ መዳም ኢንሳፍ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። «ወገቡን የሰጠሁሽ እንድትቆርጪው አልነበረም። ወይ ሙሉውን ውሰጂ ወይ መልሺልኝ» አለች። ዳሌ ይመለሳል ወይ ብዬ ልቀልድ ፈልጌ ነበር፤ አልቻልኩም።

ጋሼ ዘለቀ ግን ከሁሉም ባሰ። ጓዳ ጠርቶኝ «ሊስን ሮሐ፣ ቪዛሽ ላይ ካልቸራል ነው የሚለው። ቤሊ ዳንስ የሚል የት ጋ አየሽ? ሎየሬ ቪዲዮውን ሲያየው ፍሪክ አውት አደረገ። የሚጠየቀው እኮ እኔ ነኝ! ሶ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሎንግ ቢች የለም፣ ምንጣፍ ቤትም የለም። ስቴይ ማድረግ ከፈለግሽ እዚህ፣ ካልፈለግሽ ቦሌ። ኦኬ?» አለኝ። ልብስ የምቀይርበትን ጓዳ አይተሽው ብታውቂ ኖሮ። በአንድ በኩል ማቀዝቀዣው፣ በሌላ በኩል የሽንኩርት ጆንያ፤ የኋላውን በር ጆንያው ዘግቶታል። ስድስት ቀሚስ ተሰቅሎ ይጠብቀኛል። እዚያ ቆሜ «ኦኬ» አልኩ። ታፍኛለሁ እትዬ። ዓርብ ሲመጣ ልቤ ይመታል፤ ጥሩ አመታት አይደለም።

አንድ መውጫ አለ፤ እሱም በአንቺ እጅ ነው። የዴና ቡድን በራሱ ስም ሊያስፈርመኝ ፈቃደኛ ነው። ዴናም መልአክ አይደለችም፤ ከሹሩባዬ እስከ አምባሬ እሷ ልትወስን ትፈልጋለች። ጭፈራዬን ግን ራሴ እንዳወጣ ትተወኛለች። ጠበቃቸው እንዳለኝ ቅይጥም ቢሆን ባህል ተብሎ ሊያልፍ ይችላል፤ ከየት እንደተነሣ የሚያውቅ ባለሙያ ከመሰከረ ነው። ስለዚህ ሁለት ወረቀት ይደርስሻል። የጋሼ ዘለቀ «የሮሐ ጭፈራ ያልተቀላቀለ፣ ንጹሕ ባህል ነው» ይላል። የእኔ ደግሞ «ሮሐ የእኔ ተማሪ ናት፤ ከወሎ እስክስታ ተነሥታ የራሷ የሆነ አዲስ ጭፈራ ፈጥራለች» ይላል። ሁለቱንም መፈረም አይቻልም፤ አንዱ ሌላውን ውሸት ያደርገዋል። የእኔን ፈርሚልኝ። በሕይወቴ እንዲህ አድርጌ ለምኜሽ አላውቅም።

ሮሐ


ሎስ አንጀለስ፣ ነሐሴ 12 ቀን 2006 ዓ.ም.

እትዬ ሣህሌ፣ በጤናሽ ነው? የሰኔው ደብዳቤ ደረሰሽ? ጎረቤትሽ ጋ ደውዬ ነበር፤ «ደህና ናት፣ መነጽሯን አድርጋ ትውላለች» አለችኝ። መነጽሩ ከደረሰ ደብዳቤውም ደርሷል ማለት ነው። የዴና ጠበቃ በየሳምንቱ ይጠይቀኛል። ፈቃዴ በጥቅምት ያልቃል። እሺም ባይሆን እምቢም በይኝ፤ ዝም አትበዪኝ።

ሮሐ


ደሴ፣ መስከረም 5 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለልጄ ለሮሐ፣

ዘመኑ የበረከት ይሁንልሽ፤ የሰው አገር ሰው አያድርግሽ፤ እግርሽ እንቅፋት አይምታው። ዝም ያልኩት ጠፍቶኝ አይደለም። ፈርቼ ነው።

ሁለቱም ወረቀት ደርሶኛል። ጎን ለጎን አስቀምጬ ክረምቱን ሙሉ አየኋቸው። ከዚያ ኢንተርኔት ቤት ሄድኩና የሎንግ ቢቹን አሳዩኝ አልኩ። ደጋግሜ አስከፈትኩት። እውነቱን እነግርሻለሁ። ትከሻሽን አወቅሁት፤ የእኔ ነው፤ እንዲያውም ከእኔ አልፏል። ከወገብሽ በታች ያለችውን ሴት ግን አላውቃትም። ተአምር ናት፤ አልዋሽሽም፤ ኢንተርኔት ቤቱ ያለው ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ ከኋላዬ ቆሞ አያት። ግን አላውቃትም። የማላውቃትን ሴት አውቃታለሁ ብዬ እንዴት ልፈርም? አንቺ ደግሞ ባለሙያ ብለሽ ነው የጠየቅሽኝ።

ሌላም አለ። ያንቺ ወረቀት ምናልባት ነው። ምናልባት ያልፋል፣ ምናልባት ይመልሱሻል። የዘለቀ ግን ያለጥርጥር ያልፋል። ብትመለሺ እዚህ ምን ይጠብቅሻል? ኪነቱ ሲበተን አለቆቻችን «ነፃ ናችሁ» አሉን። እኔም ነፃ ወጥቼ ሽንኩርት ቸረቸርኩ። ትከሻዬ ሲደርቅ በየቀኑ ይሰማኝ ነበር። ያኔ አንድ ሰው መጥቶ «በዓመት አንድ ቀን፣ ታስረሽ፣ ያው አንዱን ጭፈራ ትጨፍሪያለሽ ወይ?» ቢለኝ እግሩን እስም ነበር። ታስሮ መጨፈር ተፈትቶ ከመድረቅ ይሻላል። እኔ የማውቀው ይህን ነው።

ስለዚህ የዘለቀን ፈረምኩ። ባህል ቢሮ ሄጄ ማኅተም አስደረግሁበት። «ባለሙያ ሣህሊቱ ወልዴ» ብለው በትልቁ ጻፉልኝ፤ ከሃያ ዓመት በላይ ማንም እንዲህ ብሎ ጽፎልኝ አያውቅምና ደስ አለኝ፤ አልደብቅሽም። ቪዲዮው እንዳያስጠይቅሽ ብዬ ደግሞ ከሥሩ በእጄ ጨመርኩበት፦ «ሮሐ ከዚህ ሌላ ጭፈራ አታውቅም፤ አትጨፍርምም።» እንግዲህ ማንም አይነካሽም።

ተቆጪኝ። ግን ብዪ፣ ኑሪ።

ሣህሊቱ


ሎስ አንጀለስ፣ ኅዳር 4 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለተከበሩ ወይዘሮ ሣህሊቱ ወልዴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርብልዎታለሁ። ጤናዎ እንዴት ነው? እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይድረሰውና ደህና ነኝ።

የላኩት የምስክር ወረቀት ደርሷል። በእጅዎ የጨመሩትም ዓረፍተ ነገር ተተርጉሞ ገብቷል። ፈቃዴ ለአንድ ዓመት ታድሷል። የዴና ጠበቃ ይህ ቃል መዝገብ ላይ ካረፈ በኋላ ሊረዳኝ እንደማይችል ነግሮኛል። ጋሼ ዘለቀ እጅግ አድርጎ ያመሰግንዎታል።

ዓርብ፣ ቅዳሜና እሑድ እጨፍራለሁ። ከዚህ ሌላ አዲስ ነገር የለም። ለዘመድ ወዳጁ ሁሉ ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥዎ።

አክባሪዎ ሮሐ


ደሴ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2007 ዓ.ም.

ሮሐ፣

እርስዎ አልሽኝ።

የሌላ ሰው ደብዳቤ የመጣልኝ መስሎኝ ፖስታውን አገላበጥኩት። ስሜ ነው። ጽሕፈቱም ያንቺው ነው። ገና አፍ ስትፈቺ እናትሽ «አንቱ በያት» እያለች ስትቆጣሽ፣ «ተያት፣ አንቺ ትበለኝ፤ አንቱ የሚሉት ሩቅ ሰውን ነው» ያልኳት እኔ ነኝ። ባል የለኝ፣ የወለድኩት የለኝ፤ በዚህ ምድር ላይ አንቺ የምትለኝ ካንቺ ሌላ ማን አለኝ?

በማግሥቱ ባህል ቢሮ ሄድኩ። ፊርማዬን አንሡልኝ አልኩ። ማኅተም ያደረገልኝ ሰውዬ ሳቀ። «እማማ፣ ባህል ነው ብለው መስክረው አሁን አይደለም ሊሉ ነው? ለዚያውም አሜሪካ የገባ ወረቀት» አለኝ። የሚጨመር ወረቀት አለኝ ብዬ ያንቺን አወጣሁለት፤ መነጽሬን አድርጌ እዚያው ቆሜ ፈረምኩበት። ማኅተም አልመታበትም። «ሁለቱን አንድ ሰው ሊመሰክር አይችልም» አለ። አንቺም እንዲሁ ብለሽኝ ነበር። ደጃፉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ አላፊ አግዳሚው ሰው የሞተብኝ መስሎት «እግዜር ያጽናዎት» ይለኝ ነበር።

ደብዳቤሽን እንደገና አነበብኩት። እንከን የለውም። ሰላምታው በቦታው፣ ምስጋናው በቦታው፣ ምርቃቱ በቦታው፤ ምንም የተቀላቀለበት ነገር የለም። ለዚያ ሰውዬ ባሳየው ሳይጠይቅ ማኅተም ይመታበታል። አንቺ ግን የለሽበትም። ፈርሜ ያስቀረሁት ማንን እንደሆነ አሁን ገባኝ።

እንድትምሪኝ አይደለም የምጽፈው። የፈረምኩትን አውቃለሁ። ዓመቱ ሲያልቅ ዘለቀ ሌላ ወረቀት ይልካል፤ አልፈርምም፤ ያን ጊዜ ምን እንደሚሆን ግን እኔም አላውቅም። እስከዚያ አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። አሮጊት በዪኝ። ቀናተኛ በዪኝ፤ ለማኅተም ብለሽ ሸጥሽኝ በዪኝ። የፈለግሽውን ጻፊ። ብቻ አንቺ ብለሽ ስደቢኝ።

ሣህሊቱ